ረጅሙ አጭሩን ይጠብቅ

«ደግሞ ስለ ፀጉር ይጻፋል?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ስለ ፍቅር፣ ስለ አገር፣ ስለ ሞት መጻፍ ሲቻል ስለ ፀጉር አቆራረጥ ብዕር ማንሣት ለአንዳንዶች ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የምኖረው በመካነ ሰላም፣ በደቡብ ወሎ ነው። መቅደላም የምትገኘው በዚሁ ዞን ውስጥ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በዚያች አምባ ላይ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ሲያሳልፉ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከወጣው ንብረት መካከል ከንጉሡ ራስ ላይ የተቆረጠ ፀጉር ነበረበት። ፀጉሩ በአንድ ሠዓሊ ቤተሰብ እጅ ቆይቶ በ1959 እ.ኤ.አ. ለንደን ለሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተሰጠ፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዘለላ ፀጉር! ለመመለስ 151 ዓመት ፈጀ፤ ልትቀበለውም ሚኒስትር ለንደን ድረስ ሄደች። እንግዲህ እኛ ዘንድ ፀጉር እንዲህ ያለ ነገር ነው። ከንጉሡ ፀጉር ወደ እኔ ወደ ባንክ ሠራተኛዋ ፀጉር መውረዴን ይቅር በሉኝ።

የዛሬ ዓመት ለዘመድ ሠርግ በአቅስታ በኩል ወደ ደሴ ወረድሁ። ከሠርጉ በፊት አንድ የውበት ሳሎን ገባሁ። ፀጉሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ፣ ሚዶ የሚሰብር ዓይነት ነው። ፀጉር ሠሪዋ በስልኳ የአንዲት ፈረንጅ ፎቶግራፍ አሳየችኝና «ሌየር ልቁረጥሽ፤ ይቀልልሻል» አለችኝ። ሌየር የሚሉት የላይኛው አጭር፣ የታችኛው ረጅም ሆኖ ፀጉሩ በደረጃ በደረጃ እንዲወርድ የሚደረግበትን አቆራረጥ ነው። እሺ አልሁ፤ ማንም አላስገደደኝም። ታጥቦ እርጥብ እንዳለ ተቆረጠ። በቢጎዲን ተጠቅልሎ ካስክ ውስጥ ገባሁ፤ ከዚያም በፒያስትራ ተተኮሰ። ለሠርጉ ዕለት አማረብኝ፤ አልዋሽም።

ጉዱ የታየው ቤቴ ተመልሼ ስታጠብ ነው። ጥምዝ ፀጉር እርጥብ ሳለ ይረዝማል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። እርጥብ ሳለ አገጬን ያለፈው የላይኛው ፀጉር ደርቆ ጆሮዬ ላይ ወጣ። ከላይ እንደ ጃንጥላ ተነፋ፤ ከሥር ሳስቶ ቀረ። ሹሩባ ልሠራው ብል አጫጭሩ ከጉንጉኑ እያመለጠ እንደ እሾህ ቆመ። ይህ አቆራረጥ ለሳሳ ፀጉር ሙላት ይሰጠዋል ይባላል፤ እውነትም ይሆናል። ነገር ግን ሙላት የተረፈውን ሰው ሙላት ጨምሩለት ማለት ምን ይሉታል?

በሳምንቱ በባንኩ መስኮት ተቀምጬ ብር ስቆጥር፣ ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ደብተራቸውን እያቀበሉኝ ራሴን ትክ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ምን አገኘሽ? ማን ሞተብሽ?» አሉኝ።

«ኧረ ደኅና ነኝ እናቴ፤ ማንም አልሞተብኝም» አልኋቸው።

አላመኑኝም። «እግዜር ያጥናሽ» ብለው ገንዘባቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው ሄዱ። በእርሳቸው ዘመን አንዲት ሴት እንዲህ ያማረ ፀጉሯን የምትቆርጠው ለሐዘን ነው። ከፍዬ ያስቆረጥሁት መሆኔን ብነግራቸው ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ። እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እናቴ ካረፈች ያን ጊዜ ሁለት ዓመቷ ነበር። በታመመችበት ወራት «በእኔ ሐዘን ፀጉርሽን እንዳትቆርጪ» ብላ አስምላኛለች። መሐላዬን ጠበቅሁ፤ ለሐዘኗ አልቆረጥሁም። ለሠርግ ቆረጥሁት።

ከዚያ ወዲህ ምክር አልጎደለብኝም። አንዳንዶቹ «ከአጭሩ ጋር አስተካክለሽ ቁረጪውና ገላግይው» ይሉኛል። ሌሎቹ «በየጠዋቱ ተተኮሽው፤ ማንም አያውቅብሽም» ይላሉ። የቀሩት ደግሞ ሰው ሠራሽ ፀጉር ቀጥዬ ጉዱን እንድሸፍን ይመክሩኛል። ሦስቱም ምክሮች የሚነሡት ከአንድ እምነት ይመስለኛል፤ ያልተስተካከለ ነገር ያሳፍራልና ዛሬውኑ ከዓይን ይጥፋ ከሚል። እኔ በዚህ አልስማማም።

ለምን እንደማልስማማ ለማስረዳት ወደ አያቶቻችን ልመለስ። በቀድሞው ዘመን በአማራው አገር ያላገባች ልጃገረድ ሳዱላ ትባል ነበር። ዐናቷ ይላጫል፤ ዙሪያው ብቻ ይቀራል። ስታገባ ዐናቷን መላጨት ትተውና ፀጉሯን ታሳድጋለች። አስቡት እንግዲህ! የዙሪያው ፀጉር ከዐናቱ ሲረዝም፣ ዐናቱ ገና ከዜሮ ሲጀምር፣ ከዛሬው የእኔ ጭንቀት በምን ይለያል? እንዲያውም የእርሷ ይብስ ነበር። ሆኖም ያ ያልተስተካከለ ፀጉር የሙሽርነት ምልክት ነበር እንጂ ነውር አልነበረም። ዐናቷ ላይ ብቅ ያለውን አጭር ፀጉር ያየ ሁሉ «ይህች ልጅ ትዳር ይዛለች» ብሎ ያነብበዋል። መሸጋገሪያው ጊዜ ትርጉም ነበረው ማለት ነው። ያንን ልማድ መልሱልን አልልም፤ ያለ ዕድሜያቸው የተዳሩት ብዙ ነበሩና። የምለው፣ ፀጉር እስኪያድግ መጠበቅን የማያፍርበት ባህል ነበረን ነው።

መጠበቅ ስል ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ማለቴ አይደለም። እዚህ ላይ ሙያዬ ጠቀመኝ። የራስ ፀጉር በአማካይ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ እንደኛ ላለው ጥምዝ ፀጉር ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ለሂሳብ እንዲመች አንድ እንበለው። በተቆረጥሁበት ዕለት አጭሩ ተስቦ ሲለካ 15፣ ረጅሙ 45 ሴንቲ ሜትር ነበር። ልዩነቱ 30 ነው። መጀመሪያ «ታግሼ ዝም ብል እኩል ይሆናል» ብዬ አስቤ ነበር። አንድ ምሽት ወረቀት ላይ ሳሰላው ሳቅሁ። በሁለት የቁጠባ ደብተሮች ላይ በየወሩ እኩል ገንዘብ ቢገባ የሁለቱ ልዩነት መቼ ይጠፋል? አይጠፋም! አጭሩ 27 ሲሆን ረጅሙ 57 ይሆናል። ሁለቱም ሲያድጉ ልዩነቱ ለዓይን ያንስ ይሆናል እንጂ 30ው እንደ 30 ይኖራል። ልዩነቱን የሚያጠብበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ረጅሙ ከዕድገቱ እየሰጠ አጭሩን መጠበቁ። ያደገውን ሁሉ ከሥር ብቆርጥ በ30 ወር ይስተካከላል። በየሦስት ወሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቆርጥ ደግሞ 45 ወር ይፈጃል፤ ርዝመቱ ግን ጥቂት በጥቂት እየጨመረ ይሄዳል። እኔ ሁለተኛውን መረጥሁ።

ጫፉን መቁረጥ ፀጉርን ያፋጥናል የሚሉ አሉ፤ አያፋጥንም። ፀጉር የሚያድገው ከሥሩ ነው፤ ጫፉ ስለ መቀስ የሚያውቀው ነገር የለም። ለጋ ቅቤም ቢሆን ፀጉሩን አለስልሶ ከመድረቅና ከመሰባበር ይጠብቀዋል እንጂ አያስረዝመውም። ፒያስትራው ግን ጠላት ነው። በየጠዋቱ የሚተኮስ ፀጉር ይሰባበራል፤ የሚሰባበር ፀጉር ደግሞ ቢያድግም ያደገ አይመስልም። ሹሩባም ጠብቆ ሲሠራ የግንባርን ፀጉር ከሥሩ ይነቅላል። ስለዚህ አጫጭሩን ላላ አድርጌ እጎነጉነዋለሁ፤ የሚያመልጠውን በሻሽ እሸፍነዋለሁ፤ በየሦስት ወሩ ከሥር ሁለት ሴንቲ ሜትር እቆርጣለሁ። ከዚህ ያለፈ ብልሃት የለኝም።

አሁን ሂሳቡ ወደ ጨከነበት ልምጣ። የፀጉር ጫፍ ከሁሉም ያረጀው ክፍል ነው። በደሴው ሳሎን የተቀመጥሁ ዕለት ረጅሙ 45 ሴንቲ ሜትር ከነበረ፣ እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗት ከነበረ፣ ከሥሬ በኩል ያለው 24 ሴንቲ ሜትር እርሷ ከሄደች በኋላ የበቀለ ነው። የቀረው የጫፉ 21 ሴንቲ ሜትር እናቴ በእጇ ቅቤ የቀባችው፣ በሚዶ ከፍላ የጎነጎነችው ነው። በዓመቱ ውስጥ አራት ጊዜ ቆረጥሁ፤ 8 ሴንቲ ሜትር ሄደ። አሁን የቀረኝ 13 ነው። ልዩነቱ ደግሞ 22 ሴንቲ ሜትር ይቀረዋል። እንግዲህ ፀጉሬ እኩል ከመሆኑ በፊት እናቴ የነካችው ያልቃል ማለት ነው።

ይህንን ባሰላሁ ምሽት መቀሱን መሳቢያ ውስጥ መልሼ ቆለፍሁበት። «እንዲህ እንደ ጃንጥላ ተነፍቼ ብኖር ምን አለበት?» አልሁ። የመጀመሪያውን ቁራጭ በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጬ ነበር፤ አውጥቼ አየሁት። እናቴ ራሷ የወለቀ ፀጉሯን ጠቅልላ በግድግዳው ስንጥቅ ትሸጉጥ ነበር፤ ሜዳ ላይ የተጣለ ፀጉር ደስ አይላትም። የንጉሡ ፀጉር ሙዚየም ነበረው፤ ለእናቴ ሥራ ግን የእኔ መሳቢያ ይበቃል ብዬ ተጽናናሁ።

መቀሱን ያወጣሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ያን ዕለት የእኅቴ ልጅ ፀጉሯን እንድሠራላት ጭኖቼ መካከል ተቀምጣ ነበር። ሚዶውን አንሥቼ መሐል ዐናቷን ስከፍል እጄ የሚያደርገውን አየሁት። አከፋፈሉ የእናቴ ነው፤ ጉንጉኑ የእናቴ ነው፤ ልጅቱ ስትንቀሳቀስ ትከሻዋን መታ የማደርገው እንኳ የእናቴ ነው። «ያማል!» ስትለኝ የመለስሁላትም የእናቴን መልስ ነው፤ «የሚያምር ያማል»። ልጅቱ ስትነሣ ከጫፌ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቆረጥሁ። አላለቀስሁም አልልም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። የማንፈልገውን አቆራረጥ ለማስተካከል ሁሉን ቆርጦ መጣል ችኮላ ነው፤ መሸፋፈን ውሸት ነው፤ ዝም ብሎ መጠበቅ ደግሞ ሂሳብ አለማወቅ ነው። የሚበጀው ረጅሙ እየሰጠ፣ አጭሩ እየደረሰ፣ ሁለቱም በአንድ ራስ ላይ መኖራቸው ነው። የሚሰጠው ነገር ውድ እንደሆነ አውቆ መስጠት ግን ግድ ይላል። ፀጉር ሠሪዎቻችንም የፈረንጅ ፎቶግራፍ ከማሳየታቸው በፊት በእጃቸው የያዙትን ፀጉር ቢመለከቱ፣ የእኛን ዓይነቱንም ደርቆ ሳለ ቢቆርጡት፣ ስንቷ ሴት ከሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ጥበቃ በዳነች!

በዚያች ምሽት የሞነጫጨርኋትን ጋብዣችሁ ልሰናበት።

አብሮ ማደግ ብቻ፣ ልዩነት ካልፈታ፣
ረጅሙ ይታገሥ፣ ላጭሩ ለአፍታ፤
ሥሩ ደኅና ሳለ፣ ጫፉ ቢቆረጥም፣
የቀን ጉዳይ እንጂ፣ መድረሱ አይቀርም።

ቸር እንሰንብት።