የልጅ ሥራ በጉልበቱ ልክ ይመጠን

በካምፓላ ከተማ፣ ንቲንዳ በተባለው ሠፈር በሚገኝ የወገኖቻችን ቤት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ቀርቦ ሳለ፣ ለልጅ በየትኛው ዕድሜ ምን ዓይነት የቤት ውስጥ ሥራ ይሰጥ የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። እመቤቲቱ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው እስካሁን የበላበትን ሳሕን አጥቦ እንደማያውቅ ገልጸው፣ «ምን ላድርገው፤ ገና ልጅ እኮ ነው» አሉ። ይህ ሲባል ስኒዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ትገባ የነበረችው የቤት ሠራተኛ ከዚያው ልጅ እምብዛም የምትበልጥ አትመስልም ነበር። ዕድሜዋን የጠየቀ ግን አልተገኘም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ሦስተኛውን ጠጥቶ ከመውጣት በቀር ያደረገው የለም።

በመሠረቱ ልጅን ከሥራ ጋር ማለማመድ ለእኛም ሆነ ለኡጋንዳ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። በጎጃምና በወሎ ገጠር ሕፃን ልጅ ዶሮ ከስጥ ላይ ከማባረር ይጀምርና ጥጃ፣ ቀጥሎም በግና ፍየል፣ ጉልበቱ ሲጠና ደግሞ ከብት ይጠብቃል። ውኃ ቀጂዋም አስቀድማ የምትይዘው ትንሹን ቅል እንጂ የእናቷን እንስራ አይደለም። በኡጋንዳ መንደሮችም እንዲሁ ባለ 3 እና ባለ 5 ሊትር ቢጫ ጀሪካን በትንንሽ ልጆች እጅ ይታያል። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የስምንት ዓመት ልጅ ክብደት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 ኪሎ ብዙም አይርቅም። እርግጥ ነው፣ እረኝነቱም ሆነ ውኃ መቅዳቱ ስንቱን ከትምህርት ገበታ እንዳስቀረ አይዘነጋም።

በንቲንዳ ጥጃ የለም፤ ሥራ ግን አለ። የአራት ዓመት ልጅ ጫማውን በቦታው ያኖራል። የስድስት ዓመቱ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ምስር ይለቅማል፤ የስምንቱ ቤት ይጠርጋል፣ ካልሲውን ያጥባል። በአሥር ዓመቱ የቤተሰቡን ሳሕን ማጠብ የማይችል ጤነኛ ልጅ አይኖርም፤ ወንድ መሆኑም ምክንያት ሊሆን አይገባም። የፈላ ውኃ፣ የጋለ ዘይትና በከሰል የሚነድደው ሲጊሪ ግን ለታዳጊ ልጅ ብቻውን የሚተዉ አይደሉም። ከንጋት በፊት ተነሥቶ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ማታ የሚያጠናበትና የሚተኛበት ሰዓትም መቀነስ የለበትም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ይህንኑ ሚዛን ይዞ ይገኛል። ቻርተሩ በ31ኛው አንቀጹ ሕፃን ለቤተሰቡ ኃላፊነት እንዳለበት ሲደነግግ፣ ኃላፊነቱ ዕድሜውንና ችሎታውን ያገናዘበ እንዲሆን ያዛል። ስለሆነም ልጅን ከነጭራሹ ከሥራ ማራቅም ሆነ ከአቅሙ በላይ መጫን ከዚህ ሐሳብ ጋር አይስማማም። በኡጋንዳ ደግሞ በ2016 የተሻሻለው የሕፃናት ሕግ ልጅ ተቀጥሮ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዕድሜ 16 ዓመት አድርጎታል።

እንግዲህ ጥያቄው ወደዚያች ስኒ ሰብሳቢ ይመለሳል። አሥራ ሁለት ዓመት ለቤቱ ልጅ «ገና ልጅነት» ሆኖ፣ ለእርሷ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የሚያሠራ ጉልማሳነት የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው? እንዲህ ያለው ነገር የካምፓላ ብቻ አይደለም፤ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ቤቶችም፣ ከገጠር «ላስተምራት» ተብላ መጥታ ደብተር ሳትይዝ የቀረች ልጅ ታይታለች። መቼም ነገሩ ያሳፍራል ተብሎ ልጅቱን ከነጓዟ ደጅ ማውጣት ከበፊቱ የባሰ በደል ነው። ይልቁንም ዕድሜዋን መጠየቅ፣ ወላጆቿን ማፈላለግ፣ የሠፈሩን ምክር ቤት ሊቀ መንበር አማክሮ ትምህርት ቤት የምትገባበትን መንገድ መሻት ይገባል። እስከዚያው ድረስም የእሑዱን ስኒ የቤቱ ልጅ ያጥበው።