ቃለ መጠይቁ ስለ ሥራው ይሁን

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ሲከፍቱ፣ ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ከጎረቤት ዓይን ተሸሽገው በየቤቱ ይኖሩ ነበር። የዚያ ዘመን ልጆች ዛሬ ለሥራ ደርሰዋል።

ታዲያ አንድ ወጣት በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ዓይን ለዓይን ስላላየ ወይም መልሱን ስላዘገየ ብቻ «ሕመም አለብህ እንዴ? ታክመህ ታውቃለህ?» መባሉ ያሳዝነናል። ዓይኑን የሰበረ ሁሉ የሒሳብ መዝገብ መያዝ አይችልም ያለው ማን ነው? ችሎታውን ከእንዲህ ያለ ምርመራ ይልቅ አጭር የተግባር ፈተና ያሳያል። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም ይመለከታል፤ አሠሪው ሁኔታዎችን እንዲያመቻችላቸውም ያስገድዳል። ጥያቄዎቹን አስቀድሞ በጽሑፍ መስጠትና ጸጥ ያለ ክፍል መምረጥ ይህን ያህል ወጪ የለውም።

አመልካቹም፣ በእኛ እምነት፣ የሕክምና ታሪኩን የመዘርዘር ዕዳ የለበትም። መናገር ከፈለገ የሚያስፈልገውን ይንገር፤ «ጥያቄውን በጽሑፍ ቢሰጡኝ የተሻለ እመልሳለሁ» ማለት ይበቃል። በቀጥታ ሲጠየቅም «ይህ ከሥራው ጋር በምን ይገናኛል?» ብሎ በትሕትና መመለስ መብቱ ነው። ጠያቂው የሰማውን ከዚያ ክፍል አያውጣ።