መታሸት ይጠቅማል፤ ግን በምን ምክንያት?

ኳስ ተጫውቶ የደከመ ወይም ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ያጠና ሰው ሲያሹት እፎይ ይላል። ምክንያቱን ስንጠይቅ ግን ብዙውን ጊዜ «በጡንቻ የተጠራቀመውን አሲድ ስለሚያወጣው ነው» የሚል መልስ እንሰማለን። እፎይታው እውነት ነው፤ የተሰጠው ምክንያት ግን ስሕተት ነው። የሳይንስ ተማሪ ሁለቱን ለይቶ ማየት ይገባዋል እንላለን።

የማሸት ዓይነቶች ብዙ ናቸው። የስዊድን ማሳጅ የሚባለው በዘይት ይዳብሳል፤ ጡንቻን እንደ ሊጥ ያሻል፤ መታ መታም ያደርጋል። የጃፓኑ ሺያትሱ በአውራ ጣትና በመዳፍ ይጫናል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የታይላንድ ማሳጅ መጫንን ከማሳሳብ ጋር ያጣምራል። በአገራችንም ወጌሻ በቅቤ ያሻል።

ልዩነታቸው በከፊል በክፍል የምናስተምረው የግፊት ጉዳይ ነው። ግፊት ጉልበት ለስፋት ሲካፈል የሚገኝ ነው። 40 ኒውተን፣ ማለትም የ4 ኪሎ ግራም ዕቃ ክብደት ያህል፣ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር በሆነ መዳፍ ቢያርፍ 4 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። ያው ጉልበት በ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር የአውራ ጣት ጫፍ ቢያርፍ ግን 400 ኪሎ ፓስካል ይደርሳል፤ ይህም የከባቢ አየር ግፊት 4 እጥፍ ገደማ ነው።

ወደ አሲዱ እንመለስ። ላክቲክ አሲድ ከስፖርት በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ፣ ሰው ባይታሽም፣ ከደም ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 11 ወጣት ወንዶችን ብስክሌት አስነድተው ካደከሙ በኋላ የእያንዳንዱን አንድ እግር ብቻ አሽተው ከሁለቱም እግሮች የጡንቻ ናሙና ወሰዱ። በታሸው ጡንቻ የመቆጣት ምልክቶች ቀንሰው ተገኙ፤ በላክቲክ አሲዱ መጠን ላይ ግን ለውጥ አልታየም። የተመረመሩት ሰዎች ጥቂት ቢሆኑም፣ ጥቅሙ ከሌላ መንገድ ሊመጣ እንደሚችል ያመለክታል።

ሰውየው እፎይ ካለ ስለ ምክንያቱ መከራከር ምን ያደርጋል? የሚል አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው፤ «ማሸት ክፉውን ያወጣል» ብሎ የሚያምን ሰው የተሰበረ አጥንትንም ያሻል። በስብራት ላይ የሚያርፍ ግፊት ጉዳቱን ያባብሳል። ከልክ በላይ ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃም የደም ዝውውርን አቋርጦ እጅን ወይም እግርን እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

ወጌሻን መናቅ አይገባም፤ የእጁን ልምድ መርምሮ ጠቃሚውን ከጎጂው መለየት የእኛ የሳይንስ ሰዎች ተግባር ነው። እስከዚያው ግን ከወደቀ በኋላ እግሩ ያበጠ፣ ቅርጹ የተለወጠ ወይም መርገጥ ያቃተው ሰው ቢያጋጥማችሁ፣ ከቅቤው በፊት ራጅ እንዲነሣ ምከሩት።