ግማሹ ሰው፣ ግማሹ እባብ፤ ወገቡስ የት ነው?

አንዳንድ ጥያቄ ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ትምህርት ሆኖ ይገኛል። ከወገቡ በላይ ሰው፣ ከወገቡ በታች እባብ የሆነ ፍጡር ቢኖር አካሉ እንዴት ይሠራ ነበር? እንዴትስ ይሄድ ነበር? ይህን ጥያቄ የሚያፍኑ ሁለት ወገኖች አሉ። አንዱ «ተረት ነውና አይመረመርም» ይላል፤ ሁለተኛው «ተረት ነውና ይጣል» ይላል። እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም። ተረትን መመርመር ተረትን መናቅ አይደለም፤ እንዲያውም ለፈተና ብቻ የተሸመደደውን ትምህርት ወደ ማሰብ ይመልሰዋል እንላለን።

በመጀመሪያ ከቤታችን እንነሣ። በአገራችን ትረካ ከነገሥታት በፊት የገዛው አርዌ ከራሱ እስከ ጅራቱ ዘንዶ ነበር፤ አንጋቦ ገድሎት ነገሠ ይባላል። አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ ያወጣቸው ዘንዶም በሥዕሎቻችን ተጠምጥሞባቸው ይታያል እንጂ ከአካላቸው ጋር አልተሰፋም። አቴናውያን ግን የመጀመሪያ ንጉሣቸውን ኬክሮፕስን ከወገቡ በታች እባብ አድርገውታል። ቻይናውያንም ፉሺንና ኑዋን እንዲሁ ሥለዋቸዋል።

ታዲያ ስፌቱ የት ላይ ይሁን? የሰው አከርካሪ 33 አጥንቶች አሉት፤ የእባብ ግን እንደ ዐይነቱ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 400 ይደርሳል። ከጅራቱ በቀር አብዛኞቹ ጥንድ ጥንድ የጎን አጥንት አላቸው። ትልቅ ዘንዶ ቀጥ ብሎ በሆዱ ሲሳብ የሚጎትተው ከነዚህ የጎን አጥንቶች ወደ ሆዱ ቆዳ የተዘረጋው ጡንቻ ነው። እንግዲህ ሠዓሊው ከእምብርት በታች ያለውን «ጅራት ነው» ቢል፣ ጅራት የጎን አጥንት የለውምና ፍጡሩ በሆዱ ሊሳብ አይችልም። «ገላ ነው» ቢል ደግሞ የሰው ደረት ባለቀበት ሌላ ረጅም የጎን አጥንት ተርታ ሊጀምር፣ አንጀቱና ኩላሊቱም ወደ ታች ሊወርዱ ነው። ያን ጊዜ ላይኛው ክፍል ሙሉ ሰው መሆኑ ይቀራል።

ክብደቱንም እናስላ። ከሰው ክብደት ሲሶ ያህሉ እግር ነው፤ ስለዚህ 60 ኪሎ ከሚመዝን ሰው ላይኛው ክፍል 40 ኪሎ ያህል ይሆናል። ኮብራ ሲቆጣ ቀና የሚያደርገው ከርዝመቱ ሲሶ ያህሉን ነው። በዚሁ ልክ ብንሄድ መሬት ላይ የሚያርፈው የእባብ ገላ ቢያንስ 80 ኪሎ ሊሆን ይገባዋል። በሥዕል የምናያት ቀጭን ጅራት ይህን አትሸከምም።

አሁን ፍጡሩን በሐሳባችን አያት አደባባይ ላይ አቁመን «ወደ እንጦጦ ውጣ» እንበለው። እባብ እየተጠማዘዘ ሲሄድ ጎኑን ከድንጋይና ከጉቶ ጋር እያስደገፈ ነው ራሱን ወደፊት የሚገፋው። ስለዚህ በለሰለሰው አስፋልት ላይ ይቸገራል፤ ዳገቱ ላይ ግን ድንጋዩና የባሕር ዛፉ ሥር ይረዱታል። ነገር ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ተራራ የሐምሌ ሌሊት ይጠብቀዋል። እባብ ሙቀቱን ከውጭ ያገኛል፤ ሰው ግን 37 ዲግሪውን ከውስጥ ያነዳል። ላይኛው ክፍል ያመነጨውን ሙቀት ረጅሙ ገላ ሲያባክነው ያድራል። ከላይ ጋቢ ቢደርብ ከታች ምን ሊለብስ ነው?

ምግቡም ሌላ ጣጣ ነው። ደመ ሞቃት እንስሳ በክብደት ከሚተካከለው እባብ ዐሥር እጥፍ ያህል ጉልበት ያቃጥላል። ዘንዶ ፍየል ውጦ ለሳምንታት ይጾማል። ይህ ፍጡር ግን በሰው አፍ፣ ጉርሻ በጉርሻ፣ ያን ሁሉ ገላ በየቀኑ ሊቀልብ ነው።

እንግዲህ አባቶቻችን ሰውንና እባብን ለየብቻ ማቆማቸው በአካል ምርመራ ሲታይ የተሻለ ሆኖ አገኘነው። ሆኖም ለአገራችን ተረት ሚዛኑን ማዳላት አይገባንም። በአንድ የግእዝ ትረካ አርዌ 170 ክንድ ርዝመት ነበረው፤ ይህም ወደ 80 ሜትር ይጠጋል። በኮሎምቢያ በቅሪተ አጥንቱ የታወቀው፣ በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ቲታኖቦዋ የተባለው ግዙፍ እባብ እንኳ 13 ሜትር ያህል ነበር። እርሱም የኖረው እንደ እንጦጦ ባለ ብርድ ሳይሆን በጣም ሞቃት በሆነ አገር ነው። አርዌ በቅርጹ ፈተናውን ያልፋል፤ በመጠኑ ይወድቃል። የሰውን ተረት በሳይንስ ነቅፎ የራስን ዝም ማለት ምርመራ አይባልም።

ስለዚህ ጓደኞቻችን የሥነ ሕይወትና የሥነ ጥበብ ተማሪዎች አንድ ላይ ተቀምጠው የዚህን ፍጡር አፅም ከራስ ቅል እስከ ጅራት ጫፍ እንዲሥሉ እንጠይቃለን። መምህሮቻችንም የጎን አጥንትን ቍጥር ብቻ ከሚጠይቁን «ወገቡን የት ታደርጉታላችሁ?» ብለው ይፈትኑን። ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከደብተር ገልብጦ የሚያመጣ ተማሪ አይገኝም።