‹ቴክ ኦፍ› በሮቤ መማሪያ ክፍል
የእንግሊዝኛው ሐረጋዊ ግስ ‹ቴክ ኦፍ› ከሮቤ ለሚነሣ አውሮፕላንም፣ ከሳነቴ ብርድ ተመልሶ ካፖርቱን ለሚያወልቅ ሰውም ያገለግላል። አማርኛ ሁለቱን በተለያየ ግስ ስለሚገልጻቸው፣ ፍቺ በዝርዝር የሚሸመድድ ተማሪ የሚያገናኛቸው ክር አይታየውም። ክሩ ‹ኦፍ› ነው፤ ከያዘው ነገር መላቀቅን ያመለክታል።

የባሌ ተማሪ ለዚህ ሥርዓት እንግዳ አይደለም። አፋን ኦሮሞ ‹ኦል በኤ› ሲል ሽቅብ ወጣ፣ ‹ገዲ ቡኤ› ሲል ቁልቁል ወረደ ማለቱ ነው። አቅጣጫ አመልካቹ ከግሱ ይቀድማል፤ በእንግሊዝኛ ይከተላል፤ ልዩነቱ ግን ለመምህር የሚከብድ አይደለም። ስለዚህ በሮቤና በጎባ የሚያስተምር መምህር ከዝርዝሩ ይልቅ ከ‹ኦል›ና ከ‹ገዲ› ቢጀምር ይሻላል። ለ‹ጊቭ አፕ› ግን ይህ መንገድ አያደርስም፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ወዴትም ሽቅብ አልወጣምና፣ እንዲህ ላለው ሽምደዳው አይቀርም።