ሆዱ ጎደለ ብለን አናሰናብተው

ወደ ድንገተኛ ክፍል ከሚመጡት የሆድ ሕመሞች ዛሬ አንዱን ብቻ ላንሳ፤ የትልቁ አንጀት መታጠፍን። በምዕራቡ ዓለም ይህ በብዛት አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያን ሕመም ነው። እኛ ዘንድ ግን አርሶ ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን ጎልማሳ፣ ይበልጡንም ወንዱን ይይዛል።

ሲግሞይድ የሚባለው የትልቁ አንጀት ክፍል ረዝሞ የተንጠለጠለበት ሥር ሲጠብ በራሱ ላይ ይጠማዘዛል። ሰገራም ጋዝም ማለፊያ ያጣሉ። ሆድ ይነፋል፣ ቁርጠቱ እየተመላለሰ ያስጨንቃል፤ ትውከቱ ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። እስከዚያው ቤት ውስጥ ፌጦ ይበጠበጣል፣ ከመድኃኒት ቤት የሆድ ማለስለሻ ይገዛል። ሆዱ ተነፍቶ ጋዝ እንኳ አልወጣ ላለው ሰው ማለስለሻ አይሰጥም። የተዘጋ አንጀት ከላይ ሲገፋ ውጥረቱ ይብስበታል እንጂ አይከፈትም።

ምርመራው ረቂቅ መሣሪያ አይጠይቅም። የተነፋው ሆድ በጣት ሲመታ ያስተጋባል፤ የፊንጢጣ ምርመራ ሲደረግ ባዶ ሆኖ ይገኛል። በራጅ ፊልሙ ላይ አንጀቱ ከዳሌ ተነስቶ፣ ታጥፎ፣ መሐሉ ላይ መስመር ያለበት የቡና ፍሬ መስሎ ይታያል፤ የሕክምና መጻሕፍትም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ከባዱ ነገር አንጀቱ በሕይወት መኖሩን ማወቅ ነው። ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የደም ግፊት መውረድ፣ ሲነኩት የሚደነድን ሆድ፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ ከታየ ጊዜ የለም፤ ታካሚው በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል።

እነዚህ ከሌሉ ግን የኖርዌዩ ሐኪም ብሩስጋርድ በ1947 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ያሳተመበት መንገድ አለ። በፊንጢጣ በኩል መመልከቻ ይገባና ለስላሳ ቱቦ የተጠማዘዘውን ቦታ ያልፋል። ጋዙና ፈሳሹ በኃይል ይወጣል፤ ያ የተወጠረ ሆድ እያዩት ይጎድላል። ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረው ሰው ተነስቶ ይቀመጣል፣ ውሃ ይጠይቃል፤ ዘመዶቹ ተመስገን ይላሉ።

የኔ ጭንቀት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቱቦው ጥምዛዜውን ፈታ እንጂ የረዘመው አንጀት እዚያው አለ። በቱቦ ብቻ ታክመው ከሚሸኙት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሕመሙ እንደሚመለስባቸው ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ሲመለስ ደግሞ ሁልጊዜ በጊዜ አይደረስበትም። በተረጋጋ ሰው ላይ ታስቦበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና የረዘመውን አንጀት አውጥቶ ሁለቱን ጫፎች እዚያው ለመስፋት ዕድል ይሰጣል። አንጀቱ ሞቶ የመጣ ሰው ግን፣ ከተረፈ፣ ብዙ ጊዜ ሰገራው ለወራት በሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ይወጣል። የሰገራ መያዣ ከረጢት በቀላሉ በማይገኝበት ገጠር ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገበሬው ሚስት ታውቀዋለች።

ስለዚህ በቱቦ የተፈታው ሰው፣ አቅሙ ቀዶ ሕክምናውን የሚችል ከሆነ፣ ከሆስፒታል ሳይወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሠራለት እላለሁ። አልጋ ሞልቷል፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ደም የለም የሚባለው ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም የቀጠሮ ወረቀት ይዞ የሄደ ሰው ሳይመለስ ሲቀር ጥፋቱን በእሱ ላይ መጣል አይገባም። ተሽሎሃል ብለን የሸኘነው እኛ ነን፤ አዝመራው ደግሞ አይጠብቀውም። «አባቴ፣ አሁን የወጣልዎት ጋዙ ነው፤ በሽታው ገና አልወጣም» ብሎ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ባለሙያዎችን ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ወዳሉ ሆስፒታሎች አድርሷል። ይህን ውሳኔ እነሱም ጋ ቢሆን ማሳደር አያስፈልግም፤ ለመሥራት ካልተመቻቸው ታካሚውን ቱቦው እንዳለለት ወደሚሠራለት ቦታ ይላኩት። አሻፈረኝ ብሎ ለሚሄደው ደግሞ «አንጀቱ ታጥፎ በቱቦ ተፈታ፤ ቀዶ ሕክምና አልተደረገለትም፤ ሆዱ ከተነፋ በዚያው ሰዓት ይምጣ» ተብሎ በአማርኛ ይጻፍለት፤ ከመውጣቱም በፊት አስታማሚው ባለበት ይነበብለት።