ቤትን ስለ ማደስ የአከራይና የተከራይ ድርሻ

እንደ ጋምቤላና እንደ ድሬዳዋ ባለው ሞቃት አገር አከራይና ተከራይ የሚጣሉት የአየር ማቀዝቀዣው መኪና ሲበላሽ ነው። በመንዝ በዘመሮ ግን ብርድን የሚከለክለው ጣራው፣ ግድግዳውና በሩ ስለ ሆነ ክርክሩ በነዚሁ ላይ ነው። የድንጋዩ ግድግዳ ጭቃው ሲረግፍ ነፋስ ያስገባል፤ ሚስማሩ የላላ ቆርቆሮም በክረምት ያፈሳል፣ በኅዳር ውርጭ ያሳልፋል። ለሥራ ከሌላ አገር የመጣ መምህር ወይም ጸሐፊ ባና ደርቦ ቢተኛ ብርዱን ይችለው ይሆናል፤ ኪራይ የከፈለው ግን ለባናው አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩን ለይቶታል። በውሉ ሌላ ቃል ካልተጻፈ በቀር የበር፣ የመስኮት፣ የወለልና የውሃ ቧንቧ እድሳት የተከራዩ ነው፤ ሆኖም ጉዳቱ በእርጅና ብቻ የመጣ እንደ ሆነ ወጪው በእርሱ ላይ አይወድቅም። ጣራውንና ግድግዳውን ማደስ የአከራዩ ግዴታ ነው። ተከራዩም ጉድለቱን እንዳየ ለባለቤቱ ማስታወቅ ይገባዋል እንጂ ዝም ብሎ ከርሞ፣ እንጨቱ ከበሰበሰ በኋላ መክሰስ አይገባውም።

እንግዲህ በሽምግልና የሚያስታርቁ ካህናትና በወረዳው የተሾሙ ሹማምንት «ካልተመቸህ ልቀቅ» የሚለውን የአከራይ ቃል እንደ ፍርድ አይቀበሉት። (ከነርሱ መካከል ራሱ አከራይ የሆነ ቢኖር አስቀድሞ የገዛ ጣራውን ይመልከት።) አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ውሉ ሲጻፍ ጣራው ቢያፈስ በስንት ቀን እንደሚጠገን፣ ባይጠገንም ከኪራዩ ምን ያህል እንደሚቀነስ ቀኑና ገንዘቡ ተለይቶ ይግባበት።